ባለወፍጮው አማቻችን

ልጄ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ የያዝሽው ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የወፍጮው ቀበቶም ተቀይሯል።

የእጮኛሽ የቤተሰብ ስም «ሙለር» ነው ብለሽ ከጻፍሽ ወዲህ አባትሽ «ዘሩን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም» ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ። ይህን የምትጽፍልኝ ምሩቋ እህትሽ መቼ መቀመጥ ታውቃለች፤ ጠይቃ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ በጀርመንኛ ባለወፍጮ ማለት ነው! እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሚለር ይሉታል።»

አባትሽ ዱቄቱን ከቅንድቡ ጠረገና «የሙያ ልጅ ነው አትሉኝም እንዴ! የወፍጮ ድንጋይ መውቀር ይችላል?» አለ።

«ኧረ ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» አልነው።

«ግድ የለም፣ ይምጣ፤ አስተምረዋለሁ።»

እኔም መርቄያችኋለሁ፤ ውለዱ፣ ክበዱ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስሙ በእናቱ ቤት እንዴት እንደሚጠራ በስልክ አሰሚኝ። ደጃፌ ሲደርስ እንደ ቤተኛ ልጥራው።