በሕይወት አሉ ብዬ የጻፍኳቸው ንቦች

ውድ ጋሼ፣

ትናንት ደውለው «ስሜን አጠፋሽው» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። መልሴን ስላልሰሙኝ እጽፍልዎታለሁ።

ያቺን ትልቋን ጠጉራም የዱር ንብ ሳላስቆጣ ሳጥን ውስጥ ማስገባት፣ ኬሚካል የተቀላቀለበትን የስኳር ውሃ በስሪንጅ ማጠጣት ቤተ ሙከራው ውስጥ ያስተማሩኝ አለቃዬ እርስዎ ነዎት። «ያየሽውን ጻፊ እንጂ የፈለግሽውን አትጻፊ» ይሉኝ ነበር። እንደ አባቴ ነበር የማይዎት።

ያንን የተባይ ማጥፊያ ስንመረምር፣ በአርባ ስምንተኛው ሰዓት፣ ከሠላሳዎቹ ንቦች ሃያ ሁለቱ በጀርባቸው ተንጋለዋል። መብረር ቀርቶ መገልበጥ አቅቷቸው እግራቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጠራሁዎት። በር ላይ ቆመው አየት አደረጉና፣

«እግራቸው ይንቀሳቀስ የለ? በሕይወት አሉ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«‹የታየ ሕመም› የሚለውስ ዓምድ?»

«ባዶ ተዪው። ደንበኛው ሪፖርት እየጠበቀ ነው፤ አታካብጂ!»

ጻፍኩ። በገዛ እጄ። በማግስቱ ስገባ ሃያ ሁለቱም ደርቀው አገኘኋቸው፤ ሰው ሳያይ ጠርጌ ጣልኳቸው።

መድኃኒቱ «ንብ አይጎዳም» የሚል ተለጥፎበት ገበያ ወጣ። ወንድሜ ቲማቲም አምራች ነው፤ አበባውን እያንቀጠቀጡ ፍሬ የሚያሲዙለት እነዚሁ ንቦች ናቸው። በረጨ በሳምንቱ ጠራኝ። በመደቡ መካከል ስንሄድ የሞቱት ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻሉ። አበባው ፍሬ ሳይዝ ረግፏል። ቢጮህብኝ በተሻለኝ። «እህቴ የመረመረችው ነው ብዬ ጎረቤቶቼንም አስገዛኋቸው እኮ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ይህንን መጥቼ ስነግርዎት ምን አሉኝ? «ነፍሳት አይደሉ እንዴ? ይባዛሉ!» ደሜ ፈላ፣ ጋሼ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአጉሊ መነጽር ያዩዋቸውን ፍጥረታት! ያን ሁሉ እውቀት ምን በላው?

አዎ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄጄ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ንቦቹ በተንጋለሉበት ዕለት እርስዎ እስኪመጡ ያነሳኋቸውን ፎቶዎችም ሰጥቻለሁ። መድኃኒቱ ታግዷል፤ እኔም ከሥራ ታግጃለሁ። የወንድሜ የዘንድሮ ምርት ግን አይመለስም፤ ሲያየኝም ዓይኑን ይሰብራል።

ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ አጣሪዎች ሁለታችንንም ጠርተውናል። ቀድሜ ገብቼ የራሴን ጥፋት አንድ ሳላስቀር እናገራለሁ። ከዚያ በሩን ክፍት ትቼልዎት እወጣለሁ። እንግዲህ አፍ አለዎት፤ ይናገሩበት።

አክባሪዎ የነበርኩ