የሦስት ቅዳሜ ስም

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 4 ቀን 1995

ውድ እማዬ፣

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ግን ገብቷል።

ሬይኖልድስበርግ ቤታቸው እየሄድኩ ስለምንከባከባቸው እንግሊዛዊ ሽማግሌ፣ ስለ ሚስተር ሃርግሪቭስ፣ ነግሬሽ ነበር። "ወጣት ሳለሁ ራግቢ ተጫዋች ነበርኩ" ሲሉኝ (ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው) እሺ ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ካልሲያቸውን ሳስቀምጥ መሳቢያው ውስጥ ያረጀ የጋዜጣ ቁራጭ አገኘሁ። ፎቶው የሳቸው ነው፤ ያ ሰፊ ግንባር ማንንም አያሳስትም። ከሥሩ ግን "ቶማስ ዊልኪን" ይላል።

ደነገጥኩ። ሰው ገድለው ይሆን? በሞተ ሰው ወረቀት ይሆን አሜሪካ የገቡት? ከዚያ ወዲያ ነገራቸው ሁሉ ይከነክነኝ ጀመር። ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ ማን እንደሆነ ያስጠይቁኛል። ፖስታ ሲመጣ ገልብጠው ገልብጠው ያዩታል። ሾርባ ሳጎርሳቸው እንኳ ዓይን ዓይናቸውን ነበር የማየው። ቤተ ክርስቲያን እትዬ ገነትን ባማክራቸው "ሪፖርት አድርጊ፣ ኋላ አንቺንም ይጠይቁሻል" አሉኝ። ፈራሁና ለሱፐርቫይዘሬ ኮል አደረግኩ።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቴ ተደውሎላት የሽማግሌው ልጅ ከሥራዋ ቀርታ በቁጣ መጣች። እሳቸው ግን "ተያት፣ እኔ ራሴ ልንገራት" አሉ።

"ያኔ በእኛ አገር ራግቢ ሁለት ነበር፤ በነጻ የሚጫወቱትና በክፍያ የሚጫወቱት። አንዴ ለክፍያ የተሰለፈ ወደ ነጻዎቹ አይመለስም። አባቴ የነጻዎቹ ክለብ ኃላፊ ነበር። እኔ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከዚያ መውጣት ፈለግሁ። ባለክፍያዎቹ ለሙከራ ሲጠሩኝ አባቴ እንዳያውቅ ቶማስ ዊልኪን በሚል የሐሰት ስም ሦስት ቅዳሜ ተጫወትኩ። ይሄ ፎቶ አጋለጠኝ። አባቴ ልብሴን ደጅ አውጥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ለባለክፍያዎቹ በራሴ ስም ፈርሜ አሥራ አንድ ዓመት ተጫወትኩ። አፍንጫዬ ሁለቴ ተሰበረ፣ አገሩ ሁሉ አጨበጨበልኝ። አባቴ አንድም ቀን ሳያየኝ ሞተ።"

ልጃቸው ታለቅሳለች። ይህን ታሪክ እሷም ሰምታው አታውቅም።

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ይዘው "ሮማን፣ አንቺ ሐቀኛ ልጅ ነሽ" አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እማዬ፣ ስትጽፊልኝ ፖስታው ላይ እናናዬ አትበይ፤ ሮማን በይ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በአክስቴ ልጅ ስም ነው። ለምን እንደሆነ በደብዳቤ አልጽፈውም። ይሄንንም ለማንም ሳታስነብቢ ቅደጂው።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅልኝ።

ልጅሽ
እናናዬ