ከባዶው ወደ ሙሉው

ውድ ወንድምጋሼ፣

እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሁ የያዝክልኝን የሥራ ቦታ ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ጽፈህልኛል። ሦስት ጊዜ "እመጣለሁ" ብዬ መለስኩልህ። ምን እንደያዘኝ ግን አልነገርኩህም።

ደረጃው ሥር ያለችውን የጥገና ሱቃችንን ታውቃታለህ፤ አንዱ ሊገባ ሌላው መውጣት አለበት። ከሁለት ወር በፊት አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ስስ ላፕቶፕ ታቅፈው መጡ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር እስኪከፈት አንድ ልጅ ይወለዳል" አሉኝ። ውስጡ በሠላሳ ዓመት ስላዋለዷቸው እናቶች የጻፉት መጽሐፍ ነበር። ስድስት ዓመት ደክመውበታል። ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ሥራው ቀላል ነው። ማስቲካ የምታክለዋን አሮጌ ማከማቻ ዲስክ (ኤስኤስዲ) መንቀል፣ ያለባትን ሁሉ ወደ አዲሷና ፈጣኗ መገልበጥ፣ አዲሷን መግጠም። መጠናቸው እኩል ስለነበር በስክሪኑ ላይ የሚለያቸው የመለያ ቁጥራቸው ብቻ ነበር። እዚህ አብረን ስንሠራ "ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ሳታነብ እንዳትጫን" ትለኝ ነበር። አንተ ስታነብ ግን "ደግሞ ጸሎቱን ጀመረ" እያልኩ ደንበኛ ፊት እስቅብህ ነበር።

ያን ቀን የሥራውን የምሥራች ልትነግረኝ ደወልክ። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ እየሳቅኩ፣ ሳላነብ ተጫንኩ። ባዶው በሙሉው ላይ ተገለበጠ፤ መጽሐፉ ጠፋ። በአንተ አላሳብብም፤ ጣቱ የእኔ ነው።

ለአዋላጇ ግን እውነቱን አልተናገርኩም። "አሮጌዋ ተበላሽታለች፣ ጽሑፉን ለማውጣት እየሞከርኩ ነው" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየመጡ በሩ ላይ ባለችው በርጩማ ይቀመጣሉ። እሳቸው እዚያ ካሉ መውጫ የለም።

"እህ፣ ምጡ እንዴት ነው?" ይላሉ።

"ትንሽ ቀርቷል።"

ባዶ የቀረችውን አሮጌ ዲስክ በአጉሊ መነጽር ሥር አገላብጣለሁ። ሥራ የሚሠራ ሰው እመስላለሁ።

ባለፈው ሰኞ "ከሳህብኝ እኮ ልጄ። ይሄን ያህል ለእኔ ብለህ ነው?" ሲሉኝ አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አልጮሁም። መቼ እንደጠፋ ብቻ ጠየቁኝ።

"ያመጡት ዕለት" አልኩ።

"ያኔ ብትነግረኝ እኮ ገና በጭንቅላቴ ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ጽፌ ከተነሣሁ ሁለት ቀን አልሞላኝም ነበር። ይወጣል ስላልከኝ ነው የተውኩት።"

"እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎት።"

"አንተ ሥራህን ሥራ" አሉኝ።

ማክሰኞ የተማሪ ደብተር ይዘው መጡ። ቤታቸው ጫጫታ እንደሆነ ነግረውኝ በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እዚያው ይቀመጣሉ። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ላፕቶፑን ንክች አላደረጉትም።

ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት፣ ወንድምጋሼ። መቼ እንደምለቅም አትጠይቀኝ። የአንዲት እናት ስም ሲጠፋቸው እስክሪብቶውን አቁመው ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም ዓይኔን ሳልሰብር አያቸዋለሁ። ስሙን ግን አላውቀውም።

ታናሽህ