እርጎው እምቢ አለኝ

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ከራስሽ ጋር ትጣያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል ጦሟን እያደረች ነው ብለሽ እንዳታስቢ፤ በልቻለሁ፣ ሹራብም ደርቤያለሁ። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ አንቺ ግን ገና ወሬው ሊጥም ሲል «በይ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው ታገሺኝ።

ለምን እንደጻፍኩልሽ አልደብቅሽም። የአባዬ ወንድም፣ አጎቴ፣ ደውሎ ነበር። «እትዬሽ የቤቱን ቁልፍ በወር መጨረሻ ልታስረክበኝ ነው፤ ወንድሟ ጋ ልትገባ ነው» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ አንቺ «ባለቤቴ አረፈ፣ ልጅቷም ሥራ ይዛ ሄደች፤ ከእንግዲህ እዚህ የያዘኝ ምንድን ነው?» ብለሽ እንደመለስሽለት ነገረኝ። እኔ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። «ሰማሽ ወይ?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይም ሆኜ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

ሥራዬን ብታዪው ደስ ይልሻል። ላቦራቶሪያችን ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የወተት መኪኖቹ ወደሚራገፉበት ግቢ ያያል። ጠዋት ነጭ ጋውኔን ለብሼ ናሙና እቀዳለሁ፣ የወተቱን ሙቀት እለካለሁ፣ እርጎው ምን ያህል እንደኮመጠጠ እመረምራለሁ። እርሾው እዚህ እንደ ዱቄት ሆኖ በከረጢት ነው የሚመጣው። ሰሞኑን አለቃችን ክዳኑ ላይ «ለአንጀት ፍቱን መድኃኒት» ተብሎ ካልተጻፈ ሞቼ እገኛለሁ አለ። የኔ አፍ መቼ ያርፋል! «ሕያው ባክቴሪያ አለው እንበል፣ ለሆድ ይስማማል እንበል፤ ፍቱን መሆኑን ግን ማን አረጋገጠልን?» አልኩት። «ገና ከመምጣትሽ!» አለኝ። ጽሑፉ ለጊዜው ቀርቷል። እኔም ለጊዜው አልተባረርኩም።

በሰው እርጎ እንዲህ የምራቀቅ ልጅ የራሴ እርጎ እምቢ አለኝ። ስመጣ የሰጠሽኝን እርሾ ከወተቱ ጋር አዋህጄ፣ ማሰሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ማን ይቀመጥ! ሄጄ ከፈትኩና ሙቀቱን ለካሁ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ የአሲድ መለኪያ ወረቀቴን ነከርኩበት። እንደገና ዘንበል አድርጌ አየሁት። በመጨረሻ ያገኘሁት ወተት ያልሆነ፣ እርጎም ያልሆነ፣ የሚሸት ውኃ ነው። እርሾሽንም ይዞብኝ ጠፋ። አብራኝ የምትሠራው ቴክኒሻን ስነግራት ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። «አንቺ እኮ የተኛን ሕፃን እየቀሰቀስሽ ‹ተኛህ ወይ?› የምትዪ ሰው ነሽ» አለችኝ።

ያን ቀን ቤታችን ትዝ አለኝ። ማሰሮውን በአባዬ አሮጌ ካፖርት ጠቅልለሽ ቁም ሳጥኑ ታች ስታስቀምጪው፣ ጣትሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ «እየረጋ ነው» ትዪን ነበር። በቃ፣ ቤቱ በሙሉ ጸጥ! በር አይወረወር፣ ወንበር አይጎተት። አባዬ ከሥራ ሲገባ ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲ ያልፍና «የዚህ ቤት አባወራ እርጎው ነው፤ እኔማ ደባል ነኝ» ይልሽ ነበር፣ እሱም በሹክሹክታ። አንቺ ስትስቂ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ ትይዣለሽ። እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ፣ ሁለታችሁ እንዲያ ስትንሾካሾኩ፣ ዓለም ላይ ምንም የሚሰበር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁን ክፍሌ ውስጥ ጸጥታ ሞልቷል፤ ግን የሚረጋ ነገር የለም።

ሌላም ልንገርሽ፤ የምታስታውሺው አይመስለኝም። እናቴን ካጣሁ በኋላ ነው፣ አንቺም ገና ቤታችን ከገባሽ ብዙ አልቆየሽም። ታምሜ ሆስፒታል ከርሜ የወጣሁ ጊዜ መድኃኒቱ ሆዴን አጥቦ ባዶ አድርጎት ነበር። የቀረበልኝን ሁሉ እገፋለሁ፤ አክስቶቼ ይለምኑኛል፣ አባዬ ይቆጣል፣ ከዚያ መልሶ ይለምነኛል። አንቺ አልለመንሽኝም። የአልጋዬ ማዶ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ተቀመጥሽና እርጎሽን ትበዪ ጀመርሽ፤ ያውም እንዴት ነው ሲጣፍጥሽ! ምላስሽን ሁሉ ታጮኺ ነበር። ከዚያ ሳህኑን ከነማንኪያው ጥለሽ «ውይ ወተቱ ገነፈለ» ብለሽ ወጣሽ። ምድጃው ላይ ወተት እንዳልነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ተነስቼ የተረፈውን እርጎ ጠርጌ በላሁት። በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ፣ ሆዴ እስኪመለስ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ መምህራችን ስለ አንጀት ሲያስተምረን፣ መድኃኒቱ ከመጥፎዎቹ ጋር ጥሩዎቹንም ባክቴሪያዎች እንደሚገድል፣ እርጎም ምናልባት ሊያግዝ እንደሚችል ነገረን። «ምናልባት» የምትለዋን ከሥሯ አሰመርኩባት። የዳንኩት በእርጎው ይሁን በጀርባሽ የትኛውም ላቦራቶሪ አይለየውም፣ እትዬ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። እርሾ ይዘሽልኝ ነይ። በሰው አትላኪው፤ አውቶቡስ ላይ የሰው እርሾ እንደ ራሱ ቆጥሮ ጭኑ ላይ አድርጎ የሚይዝ መንገደኛ የለም። ክፍሌ ምድር ቤት ናት፣ ደረጃ የላትም። ጠዋት ፀሐይ ይገባታል። እኔ ደግሞ ሐሳብ አለኝ፤ አትሳቂብኝ። ወደፊት የራሴን ትንሽ እርጎ ቤት ልከፍት እፈልጋለሁ፤ እኔ እለካለሁ፣ አንቺ ጣትሽን ነክረሽ «ገና ነው» ትያለሽ፣ ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

ይህን ሁሉ ጽፌ ሳነበው ለእርሾ የምፈልግሽ አስመሰልኩት። እርሾ ከከረጢትም ይገኛል። ወንድምሽ ደግ ሰው ነው፣ ቤቱም ሰፊ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን «የያዘኝ ምንድን ነው?» ላልሽው፣ ቁልፉን ለአጎቴ ከመስጠትሽ በፊት የኔንም መልስ ሰምተሽ ይሁን ብዬ ነው።

ትናንት ሌላ አልጋ ገዝቼ አስገባሁ። አከራዬ በር ላይ ቆማ አየችና «ማንን ልታመጪብኝ ነው? ጓደኛ አላስገባም ብዬሻለሁ እኮ!» አለችኝ። እናቴ ናት አልኳት። ፊቷ ወዲያው ተፈታ። «እሷስ ትምጣ፣ ቤቷ ነው» አለችኝ። አልጋውን አንድ ጫፍ ይዛልኝ መስኮቱ ሥር አስጠጋነው። እንዲህ ብያታለሁና እንግዲህ አታሳፍሪኝ።

ጤናሽ እንደ ልቤ ይሁን፤ እጅሽ አይድከም፣ መንገድሽ ቀና ይሁን። ፈጣሪ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻሽን አያስቀምጥሽ፣ እኔንም እንዲሁ።

ልጅሽ