ዲናሩ ላይ ያለችው ባለ ክንፍ

ትሮስተሩድ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 4

ክንፍ ያለው ሁሉ መልአክ ነው? ነገ ሙዚየሙ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል፤ ስለ አንድ ዲናር፣ ስለ ጥንታዊ የሮማውያን የብር ሳንቲም፣ አምስት ደቂቃ ማስረዳት አለብኝ። ስመረቅ መምህሬ የሰጠኝን ዲናር ይዤ እማዬ ፊት ተለማመድኩ።

ገና አፌን ስከፍት ዲናሩን ተቀብላ ተሳለመችው። "ቅዱስ ሚካኤል ነው" አለች።

"ኔይ፣ አይደለም እማዬ፣ ቪክቶሪያ ናት። የሮማውያን የድል አምላክ።"

ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። "ጣዖት አሳለምሽኝ?" ዲናሩን መልሳ አየችና ግን፣ "ታዲያ ክንፉን ማን ከማን ወሰደ?" አለችኝ።

ሦስት ገጽ ጽፌ ይህን ጥያቄ አላነሳሁትም። ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ነገ በእሷ ጥያቄ እጀምራለሁ።

"ነገ እስከ ቲባነው ባቡር ጣቢያ አብረን እንሂድ?" አልኳት።

"እሸኝሻለሁ" አለች ዲናሩን እየመለሰችልኝ። "እሷን ግን አንቺው ያዣት።"