ቢጫው ቋጠሮ

ነሐሴ 28፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ምሳ

ሃያ ሦስት አንገት ጨርሻለሁ። ከሰዓት ሌላ ሃያ ይጠብቀኛል። ጣቴ አብጧል። ት/ቤት ሊከፈት ነው፤ ሆሳዕና ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ የደንብ ልብስ ሹራቡን የሚያሠራው እኛ ቤት ይመስላል። ማሽኑ ጀርባውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን ያወጣል። እኛ ሦስታችን አንገቱን በመርፌ እናያይዛለን። የክሩን ቀለበት በቀለበት። አንድ ቀለበት ከተዘለለ በቃ፣ ትንሽ ሲሳብ ከአንገት እስከ ወገብ ይተረተራል።

ለዚህ ነው ምልክት ያለን። አንገቱን የጨረሰች ሰው ከውስጥ በኩል ትንሽ ቋጠሮ ታስራለች። የኔ ሰማያዊ። የአሰለፈች ቀይ። የብርቄ ቢጫ። ተበላሽቶ የመጣ ሹራብ ተገልብጦ ቋጠሮው ይታያል፣ ባለቤቷ በሰው ፊት ትጠራለች።

ብርቄ። ካሁን ወዲያ ብ. ብቻ። ሙሉ ስሟ እዚህ ውስጥ አይገባም።

አንቺ ሁለተኛዋ ደብተር ነሽ። የመጀመሪያዋን አቃጥያታለሁ። ለምን እንደሆነ ነገ እነግርሻለሁ። እ.ዘ. እየጠሩኝ ነው። (እትዬ ዘሀራ፣ የሹራብ ቤቱ ባለቤት።)


ነሐሴ 29፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ አክስቴ ቤት

አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከሽንት ቤት ስመለስ ማሽኖቹ ቆመዋል። ብ. በርጩማ ላይ ወጥታለች። የሰባት ወር ሆድ ይዛ! በእጇ ደብተሬ። ጮክ ብላ ታነባለች። ያነበበችው ገጽ የመስታወቱን ነው። ቤታችን የሚወራው ሀዲይኛ ነው፤ ስደነግጥ አማርኛዬ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ለማታ ት/ቤቱ ዳይሬክተር የምናገረውን ጽፌ በመስታወት ፊት እለማመድ ነበር። ጤና ይስጥልኝ ዳይሬክተር፣ ስምንተኛን ጨርሼ ያቋረጥኩ ነኝ፣ ዘጠነኛን በማታ ለመማር ነው የመጣሁት። መሐሉ ላይ ለራሴ በቅንፍ፦ እዚህ ጋ ተንፍሺ።

ቅንፉንም አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ደረቷን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እየተነፈሰች።

አሰለፈች መሬት ላይ ተቀመጠች ከሳቅ ብዛት። ማሽን የሚሠሩት ሁለቱ ሰዎች እንባቸውን ጠረጉ። እ.ዘ. እንኳ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፣ አይቻቸዋለሁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ብ. አየችኝና ከበርጩማው ወርዳ፣ ምነው የኔ እናት ለጨዋታ ነው እኮ አለች።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ዳይሬክተር ነው። ክር ሳቀብል፣ «አመሰግናለሁ ዳይሬክተር!» ሳጎነብስ፣ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ተንፍሺ!»

መልስ አልሰጥም። መልስ መስጠት አልችልበትም። ግን ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደሳቀ።


ጳጉሜ 1፣ 7 ሰዓት ተኩል

ለብ. ልጅ የጀመርኩትን ሹራብ ፈታሁት። አሮጌዋ ደብተር ታውቅ ነበር፣ አንቺ አታውቂም። በሥራ ቦታ ሹራብ፣ በዕረፍቴም ሹራብ። አክስቴ እጅሽ አይሰለቸውም ወይ ትለኛለች። የራሴ ሲሆን አይሰለቸኝም። እናቴ ከሾኔ ገበያ የገዛችልኝ ክር ነበር፣ ለስላሳ፣ የሎሚ ቢጫ። ጀርባውና አንድ እጅጌው አልቆ ነበር። ሲወለድ ድንገት ልሰጣት ነበር ያሰብኩት። ምክንያቱም ሥራ ያስተማረችኝ ብ. ናት። መርፌ አያያዝ፣ ቀለበት አቆጣጠር፣ ሁሉንም። ለዚህ ነው የበለጠ የምጠላት።

ሦስት ሳምንት የሠራሁት በአሥር ደቂቃ ተተረተረ። ክሩ ተጨማዶ ወጣ። ጠቀለልኩት። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

መጽሐፍ ተከራይቻለሁ፣ መናኸሪያው አጠገብ ከሚያከራዩት ጋሽ ተሰማ። ሽፋን የለውም። ቤቷን የባሏ እህት የቀማቻት ሴት ታሪክ ነው። ዝም ብላ ትጠብቃለች። አሥራ ሁለት ዓመት! እኔ አሥራ ሁለት ቀንም አልችልም። መጨረሻው ላይ ቅጠሎቹ ተቀደዋል። ለጋሽ ተሰማ ስነግራቸው፣ «እኔም አልደረስኩበትም፤ አስበሽ ጨርሺውና ለኔም ንገሪኝ» አሉ። ሌባ ሽማግሌ።


ጳጉሜ 3፣ ጠዋት

ትናንት አደረግኩት።

ዝናብ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ አምፖል በርቶ ዋለ። ከራሴ ክምር ስድስት ሹራብ ለየሁ። በየአንዳንዱ አንገት ላይ አንድ ቀለበት ዘለልኩ። አንድ ብቻ፣ ከኋላ፣ ኮሌታው የሚሸፍነው ቦታ ላይ። ከዚያ ቢጫ ቋጠሮ። የሱቁ ቢጫ ክር ከብ. ሽርጥ ኪስ አይወጣም። ስለዚህ የራሴን ቢጫ ተጠቀምኩ፣ ከልጁ ሹራብ የተፈታውን። አምፖል ስር ሁለቱም አንድ ናቸው። ብ. ምሳ ስትወጣ ስድስቱን ክምሯ ውስጥ ከተትኩ።

የኔ ክምር ስላነሰ እ.ዘ. ምን ነካሽ ዛሬ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት የምችለው ነገር ነው።

ስድስቱንም ቋጠሮ በአንድ ሙከራ አሰርኩ። ይህን እንድታውቂ ነው የምጽፈው።


መስከረም 4፣ 7 ሰዓት

ሹራቦቹ ሄደዋል። ት/ቤት ተከፍቷል። በመንገድ ላይ የማየው ተማሪ ሁሉ ጀርባውን አያለሁ። እስካሁን ምንም።

እ.ዘ. ዛሬ ስለ ትምህርቱ ራሳቸው አነሱልኝ። ለያሆዴ፣ ለኛ ዘመን መለወጫ፣ አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይለቁኛል። የማታው ክፍል አሥራ አንድ ላይ ነው የሚጀምረው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሰማያዊ ቋጠሮ ያለው ሹራብ እንዳይመለስባቸው። እንዳንቺ የማምናት የለችም አሉ። ብ. ሰምታ፣ «ዳይሬክተሩ ሰሙ፣ ተንፍሺ!» አለች።

ሳቂ። ሳቂ።


መስከረም 8፣ 12 ሰዓት ማታ

መጣ!

አንድ አባት ነው። ሹራቡን እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥሎ። እ.ዘ. ገለበጡት። ቢጫ። ብርቄ! አሉ። እኔ መርፌዬን አላቆምኩም፣ ጆሮዬ ግን ጋለ።

ብ. ሹራቡን ተቀበለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ የኔ ሊሆን አይችልም፣ እኔ ተኝቼም ቀለበት አልዘልም አለች። ቋጠሮውን በጣቷ አሸችው። ከዚያ ሹራቡን ይዛ ወደ በሩ ሄደች፣ ፀሐይ ወዳለበት። የሱቁ ቢጫ እንደ እርድ የደፈረሰ ነው፣ የኔ የሎሚ። በፀሐይ ማንም ይለየዋል። ይህን አላሰብኩም ነበር። ደብተሬ፣ ይህን አላሰብኩም ነበር።

ረጅም ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ዞር ስትል ወደኔ አላየችም።

«የኔ ነው እትዬ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»


መስከረም 9፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። ንዴት።

ለምን አልተናገረችም? ብትናገር እክዳለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እንድትጮህ፣ እንድትምል፣ ማንም እንዳያምናት ነበር የፈለግኩት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደነበረው እንድትቆም። እሷ ግን ራሷ ተቀበለችው። በቀሌን እንኳ ወሰደችብኝ።


መስከረም 10፣ 7 ሰዓት

ሁለተኛውና ሦስተኛው መጡ፣ አንድ ላይ። እ.ዘ. በጣም ተቆጡ። ብ. ሦስቱንም ቁጭ ብላ እየፈታች አያያዘች፣ ሆዷ ጭኗ ላይ ተኝቶ። እ.ዘ. ስትወልጂ እዚያው ዕረፊ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ቦታሽ እናያለን አሉ። ሁላችንም እናያለን ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ባሏ ዱራሜ ነው፣ ሥራ የለውም።

ይህን ነበር የፈለግኩት። አዎ። ደስ ብሎኛል።

ክር ልታነሳ መጥታ አጠገቤ ጎንበስ አለች።

«ስንት ናቸው?»

ቀለበት መቁጠሬን ቀጠልኩ።

«አማሬ፣ ስንት ናቸው? ልጠብቃቸው ወይስ አልቀዋል?»

እየተነሳች፣ ያ ክር ለማን እንደነበረ አንብቤያለሁ፣ ያን ገጽ ግን ለነሱ አላነበብኩላቸውም አለች።

ታዲያ ምን ልሁን? ላመስግናት?


መስከረም 12፣ 12 ሰዓት ማታ

አራተኛው ትናንት። አምስተኛው ዛሬ፣ ከነባለቤቱ።

የአንደኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ሴት። እናቷ እየጎተተች አስገባቻት። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አቆላልፋ ሹራቧን ጨምድዳ ይዛለች። አውልቂው ብትባል እምቢ። ኋላዋ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተተርትሮ ቀሚሷ ይታያል። እናቷ እንደነገረችን ክፍል ውስጥ መረብ ብለው ስም አውጥተውላታል። መረብ መጣች፣ መረብ ሄደች። ሦስት ቀን ት/ቤት አልሄድም ብላለች።

ልጅቷ ግን አላለቀሰችም። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን፣ ማን ይስቃል ብላ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ማንም አልሳቀም። እኔ ጋ ስትደርስ ጣቴን በመርፌው ወጋሁት።

ብ. ጭኗ ላይ አስቀምጣ እዚያው ሠራችላት። ስትጨርስ ቋጠሮዋን በሱቁ ቢጫ አሰረች። ልጅቷ አልሳቀችላትም። ጎበዝ።

ስድስተኛው የት ነው? መጠኑን አስታውሳለሁ። ትንሽ ነው። ከዛሬዋም ልጅ ያንሳል።


መስከረም 14፣ ጠዋት

እናቴ ደወለች፣ ከአገር ቤት፣ ከቦኖሻ። በሬው ተገዝቷል፣ ቅቤው ተጠራቅሟል፣ ነገ ተሳፈሪ። ከዚያ እንደየዓመቱ፦ የተጣላሽው ሰው ካለ ታርቀሽ ነይ። አባቴ ያሆዴ ሲገባ፣ አተካናው፣ በቅቤ የሚሠራው የበዓል ምግባችን፣ ሳይቀርብ፣ ሁላችንንም በየስማችን ጠርቶ ይጠይቃል። በሆድሽ የያዝሽው ሰው አለ? አለ ያለ አይበላም፣ መጀመሪያ ሄዶ ይታረቃል። ታላቅ ወንድሜ አንድ ዓመት ከጎረቤት ጋር ተጣልቶ ቅቤው እስኪረጋ ውጭ ቆሟል። አባቴን ዋሽቼ አላውቅም። አጥብቆ የሚጠይቀኝም ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ያለች ልጅ ማንን ትጣላለች ይላሉ።


መስከረም 14፣ 12 ሰዓት ማታ

ሱቁ ተዘጋ። እ.ዘ. በዓሉ የሳቸው ባይሆንም ለየአንዳንዳችን ስኳር ሰጡን፣ ለእናታችሁ ብለው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዕቃ ሊቆጥሩ ይመጣሉ፣ ከዚያ እስከ በዓሉ ማግስት ዝግ ነው።

ስንወጣ ብ. በሁሉም ፊት መንገዴ ላይ ቆመች። በነሱም አገር፣ በዱራሜ፣ እንደኛው ነው፣ ቂም ይዞ በዓል አይገባም። አሰለፈችን፣ ማሽን የሚሠሩትን፣ ሁሉንም ጠርታ፣ ደብተሯን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ነውር ነው የሠራሁት፣ ይቅር በይኝ አለች። ቀልድ የለም። ጎንበስ ልትል ፈለገች፣ ሆዷ አላስጎነበሳትም፣ አሰለፈች ደገፈቻት።

ሁሉም እኔን ያያሉ። ይቅር አልኩ። በአፌ። እልል አሉ። አሰለፈች፣ «ዳይሬክተሯ ታረቁ!» ብላ ቶሎ አፏን ያዘች።

እ.ዘ. በሩ ላይ ሆነው ሰሙ። ብ.ን ምላስሽ ባይኖር ጥሩ ሴት ነበርሽ፣ ሥራሽ ግን ወርዷል አሏት። ብ. አንገቷን ደፋች። የኔን አንገት መድፋት!


መስከረም 15፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ቦርሳዬ ተዘጋጅቷል። የቦኖሻ መኪና አራት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ እሄዳለሁ።

እውነቱን ልጻፍልሽ። ብ.ን ይቅር አላልኳትም። በርጩማው ላይ ስትተነፍስ አሁንም አያታለሁ። ግን እንዲህ ሆኖ አይቀርም። እሷ የኔን ጥፋት ተሸክማ፣ ወልዳ፣ ሥራ አጥታ፣ ዱራሜ ቁጭ ብላ ደግ ሴት ልትሆን? እኔ በሷ ትከሻ ዘጠነኛ ክፍል ልገባ? ዕድሜ ልኬን ያቺ ሴት ሸፈነችልኝ እያልኩ? አይሆንም። ይህን አልሰጣትም። ቋጠሮው የኔ ነው።

ስድስተኛውም አለ። የትኛው ት/ቤት እንደሄደ የሚያውቁት እ.ዘ. ብቻ ናቸው። ሳይተረተር ማግኘት አለብኝ። መረብ የምትባል ሁለተኛ ልጅ አልፈልግም።

አሥር ሰዓት ላይ መለቀቅ ይቀራል። ምናልባት ሥራውም። ለአባቴ ግን «አለ» እለዋለሁ። አንድ ሰው በሆዴ ይዤያለሁ፣ ግን ጥፋቴን አልደበቅኩባትም። ያስበላኝ እንደሆነ እሱ ይወስን።

አሁን መስታወቱ ፊት ነኝ። ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ ሁለቱን አልተሳሳትኩም፦

እንደምን አደሩ እትዬ ዘሀራ። ቢጫውን ቋጠሮ ያሰርኩት እኔ ነኝ። (እዚህ ጋ ተንፍሺ።) ስድስት ናቸው፤ አንዱ ገና አልተመለሰም።