ሦስት ሰዎች ብቻ የበሉበት ጾም

ጄርባ ደሴት፣ ሐራ ከቢራ
ሰኞ፣ የአብ ወር ዐሥራ አንድ ቀን

የሆዴ ፍሬ፣ ሐኒናዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ፓሪስ ዘንድሮ እንደኛ ደሴት ይግላል ሲሉ ሰምቼ መስኮትሽን ከፍተሽ ትተኚ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ብቻ ብልሽ ግን ዋሸሁሽ፤ እኔ እናትሽ ከሠርጌ ወዲህ እንደ ትናንት ደስ ብሎኝ አያውቅም። የወንድምሽ የዑዝኤል ልጅ ተገረዘ።

ይህን ሁሉ በስልክ አልነግርሽም። ስልኩ ያለው ባለ ሱቁ ዘንድ ነው፤ ዘይት ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማኛል። አንቺ ደግሞ የአጎትሽን ስም ያነሳሁ እንደሆነ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ ተናደሽ ብትጥይው እንኳ መልሰሽ ታነሺዋለሽ።

ልጁ የተወለደው እሑድ ነው። ስምንተኛው ቀን የት ላይ የወደቀ ይመስልሻል? ቤተ መቅደሱ የፈረሰበትን ቀን በምንጾምበት ዕለት። የጾሙ ቀን፣ የአብ ወር ዘጠኝ፣ ቅዳሜ ሰንበት ላይ ስለዋለ ጾሙ ወደ እሑድ ተገፋ፣ ያውም በልጁ ቀን ላይ። የወንድምሽ ሚስት ዲያማንታ፣ «እማማ፣ ሰው ሁሉ መሬት ተቀምጦ ሰቆቃወ ኤርምያስ በሚያነብበት ቀን ልጄ ምን ዓይነት ደስታ ያገኛል?» ብላ አለቀሰች። ግርዛት ቀኑን እንደማይለቅ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔን ያስጨነቀኝ ጾሙ አልነበረም።

ልጁን በጉልበቱ አስቀምጦ የሚይዘው አባትሽ ነው፤ የአያት ወጉ ነው። የሚገርዘው ደግሞ አጎትሽ መኽሉፍ ነው፤ በሰፈራችን በሐራ ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ ወንድ የለም። አንቺ መርከብ ከተሳፈርሽ ጀምሮ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ጥርስ ሳታወጪ ለመኽሉፍ ልጅ ለራሕሚን ታጭተሽ ነበር፣ አንቺ ደግሞ ትምህርት አልሽ። መኽሉፍ በምኩራቡ ደጃፍ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ ሴት ልጁን ማዘዝ ያቃተው ሰው ነው» አለ። አባትሽም፣ «ልጄ አህያ አይደለችም፣ አልነዳትም» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ አባትሽ ሌላ ምኩራብ ሄዶ ይጸልያል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብል ብል ማን ሰምቶኝ። አንቺም፣ «በእኔ ምክንያት ተኳርፈው እኔ በዚያ በር አልገባም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። በየፋሲካው ያቺን ቃልሽን እያሰብኩ ሳህንሽን ከመደርደሪያው አውርጄ መልሼ እሰቅላለሁ።

አባትሽ መጀመሪያ፣ «ከዛርዚስ ሌላ ገራዥ አስመጣለሁ» ብሎ ፎከረ። የዛርዚሱ ሽማግሌ፣ «በዚህ ሐሩር ጾሜን ይዤ መንገድ አልወጣም» ብሎ ላከበት። ወደ ረቢ ፍራጂ ሄደ። ረቢ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር አመጡበት።

«ሳሲ፣ ጾሙ የተገፋ ስለሆነ ቀኑ ለሦስት ሰዎች በዓል ነው» አሉት። «ለአባትየው፣ ለገራዡና ልጁን ለሚይዘው። የከሰዓቱን ጸሎት በጊዜ ጸልያችሁ፣ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ። የቀረው ሰው እስከ ማታ ይጾማል።»

«እኔ እጾማለሁ» አለ አባትሽ።

«መኽሉፍም እንዲሁ ብሎኛል። አብራችሁ ላለመብላት ነው ወይስ ለቤተ መቅደሱ አዝናችሁ?»

አባትሽ ሊወጣ ተነሳ።

«በልጅ ልጅህ በዓል ላይ ልታዝንበት ነው? ሂድ፣ ለሚስትህ ምግብ እንድትሠራ ንገራት።»

ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ሬት የቀመሰ ይመስል ነበር። እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ በእጄ አፌን ይዤ ሳቅሁ። ሐራው በሙሉ ሲጾም እነዚያ ሁለቱ አንድ ማዕድ ላይ ሊቀመጡ ነው፣ ያውም መሐላቸው ገብቶ የሚያመካኙበት እንግዳ በሌለበት።

እሑድ ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ፣ የሸራ ጫማውን እየጎተተ መጣ። በዚያ ቀን ሰላምታ ክልክል ስለሆነ ለሁለቱ ጌቶች ተመቻቸው፤ እንደ ሕግ አክባሪ ደረታቸውን ነፍተው ተላለፉ። አባትሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ልጁን ጉልበቱ ላይ አኖሩለት፣ መኽሉፍም ጎንበስ አለ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«ጉልበትህን አጥብቅ» አለው መኽሉፍ ቀና ሳይል።

«አጥብቄአለሁ። አንተ እጅህን ጠብቅ።»

የስድስት ዓመት የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነው።

ከዚያ መኽሉፍ ጽዋውን ይዞ፣ «ስሙ ማን ይባል?» ብሎ ጠየቀ። ሳሲ የሚል ነበር የሚጠብቀው፤ የበኩር ልጅ በአያቱ ነው የሚጠራው። ዑዝኤል፣ «ምናሔም» አለ። የሁለቱ ወንድማማቾች የአባታቸው ስም። አባትሽ ጧት ነው ለዑዝኤል፣ «በሐዘን ቀን ለመጣ ልጅ አጽናኝ የሚል ስም ይስማማዋል» ያለው፣ እኛ የአባቱን ስም የማናውቅ ይመስል። መኽሉፍ አንዴ የሚበቃውን ስም ሁለት ጊዜ ጠራው። ወይኑን አራስ ስለሆነች ለዲያማንታ ሰጠናት፤ እኛ በደረቅ ጉሮሮ አሜን አልን፣ እልልታችንም ከወትሮው አልቀነሰ።

ሦስቱ ጸልየው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ጾመኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ጥላ እየፈለገ ተጋደመ። የመኽሉፍ ሚስት የምግቡ ሽታ ሲደርሳት፣ «ምነው እኔንም ገራዥ ባደረገኝ» ብላ ሰውን አሳቀች። ለዑዝኤል አስቀድሜ፣ «ሁለት ጉርሻ ጎርሰህ ሚስቴ ጠራችኝ በልና ውጣ» ብዬው ነበር። እንዳልኩት ወጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። አትፍረጅብኝ፣ አንቺም ብትሆኚ ትቆሚ ነበር።

ያቀረብኩላቸው በቲማቲምና በቃሪያ የተሠራ እንቁላል ነው፣ በአንድ ሰፊ ሳህን። ዳቦ ሲቆረስ ብቻ ይሰማል። ቆይቶ መኽሉፍ ሳል ያዘው። አባትሽ ውሃ ቀዳለት።

«ሳሲ፣ ሚስትህ ልትገድለኝ ነው?»

«ምን አደረገችህ?»

«ይሄ ምግብ ነው ወይስ የጨው ባሕር?»

«እኔም እየበላሁት አይደለም እንዴ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንተ ቀድመህ ካልተናገርክ እኔ ለምን እናገራለሁ ብዬ ነዋ።»

ለካ ጨው የጨመርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የዲያማንታ እናትም ጨምራለች። ሁለታችንም ጾመኞች፣ ማን ይቅመሰው? እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ላለመሸናነፍ ሳህኑን ግማሽ አድርሰውታል። ከዚያ አባትሽ ሳቀ። መኽሉፍ ተከተለ። ሁለት ሽማግሌ፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። ቀጥለውም ስለ እኔ ወጥ ያላሉት የለም፤ እናታቸው እንዴት ትሠራ እንደነበር፣ እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ ያሳረርኩትን ዓሣ ሳይቀር አወሩ። ስሰደብ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሳቁ ሲያልቅ መኽሉፍ፣ «ልጅቷስ?» አለ።

«ደኅና ናት።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለው አባትሽ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

መኽሉፍ፣ «ራሕሚን ሦስት ልጅ ወለደ» አለ። «ሚስቱ ወርቅ ናት። እኔ ስታመም ከልጆቼ ሁሉ ቀድማ የምትደርስልኝ እሷ ናት። ሐኒና እሺ ብትል ኖሮ ያቺን ከየት አገኛት ነበር? ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ የምናገርበት ቀን አጣሁ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«አንተስ አግኝተህ ነበር?»

ከዚያ፣ «ጻፍላት» አለው። «አጎትሽ በደጄ ሳታልፊ ወደ አባትሽ ቤት እንዳትገቢ ብሎሻል በላት። ቡራኬዬ ይዘገይባታል እንጂ አይቀርባትም።» አባትሽም፣ «እናቷ ትጻፍላት። እኔ ከጀመርኩ አልጨርሰውም» አለ። ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው።

ማታ ከዋክብት ሲወጡ ግቢው በኩስኩስና በዓሣ፣ በዘፈንና በጭብጨባ ሞላ። መኽሉፍ ተነስቶ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ፣ «ሰላም ላንተ ይሁን፣ ወንድሜ» አለ። አባትሽ ሊመልስለት ተነስቶ አንገቱን አቅፎ ቀረ። እኔ ኩስኩስ ላማስል ነው ብዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ።

አሁን ደግሞ የዛሬውን ስሚ። የዲያማንታ እናትና አባት ልጃቸውን ለማገዝ አንድ ወር ሊቆዩ አሰቡ። እኔም፣ «የሐኒና ክፍል ባዶ ነው፣ እዚያ ይደሩ» አልኩ። አባትሽ ሻዩን አስቀመጠና፣ «ባዶ አይደለም» አለኝ።

«ማን አለበት?»

«ባለቤቷ ልትመጣ ነው።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። የራሳችንን ክፍል ለእንግዶቹ ለቀቀና ፍራሻችንን ተሸክሞ ጣሪያ ላይ አወጣው። ይህን ስጽፍልሽ ከክፍልሽ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል፤ የመስኮትሽን ማጠፊያ እየጠገነ ነው። ናፈቀችኝ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

አምላክ መንገድሽን ያለስልስልሽ፤ በባሕርም በየብስም ደግ ሰው ያጋጥምሽ፤ የመኽሉፍ እጅ ሳይደክም ለአንቺም ልጅ ግርዛት ያድርሰን። የምትመጪበትን ቀን ቶሎ ጻፊልኝ፤ አባትሽ አንቺ ሳትመጪ ከጣሪያ የሚወርድ አይመስለኝም፣ የእኔ ወገብ ደግሞ ብዙ አይችልም።

እናትሽ መሳውዳ